ያጥር ሥር አፈር

አባቴ ኤውስታኪዮ ሲሞት ያወረሰኝ
ላም አልነበረም፣ ብርም አልደረሰኝ፤
ሠላሳ አንድ ቆርቆሮ፣ ከመጋዘኑ ጥግ ተደርድሮ፣
የማቴ ቅጠል ይሸጥበት የነበረ ድሮ፤
በያንዳንዱ ውስጥ አንድ እፍኝ አፈር አድሮ፣
በክዳኑ ላይ ዓመቱ በምስማር ተጭሮ።

እርሻችን ኮሎንያ ነው፣ ከወንዙ ራቅ ብሎ፣
ሰኔ ውርጭ ሲጥል ሜዳው ጨው መስሎ።
መካከሉን ሽቦ ለሁለት ከፍሎት፣
በዚህ በኩል ሰብል፣ ዓመት በዓመት፤
ስንዴው ሲነሣ አኩሪ አተር፣ እሱ ሲነሣ ማሽላ፣
መሬቱ ትንፋሽ ሳይወስድ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ።
በዚያ በኩል ግን ሦስት ዓመት ታርሶ፣
አራት ዓመት ደግሞ ሣርና ማገጥ ለብሶ፣
ከብት ይሰማራል፤
ማረሻው መንገዱን ይረሳል።

“ለምንድን ነው?” ብዬ ነበር በሰባት ዓመቴ።
“መሬት እንደ ሰው ነው” አላለኝም አባቴ።
እጁን በሱሪው ጠርጎ፣ “እኔ እንጃ፤ ጠይቂው አፈሩን፤
ጊዜ ስጪው ብቻ፤ ቶሎ አይሰጥም ቃሉን።”

ሞንቴቪዴዮ ሄጄ ላቦራቶሪ ገባሁ፤
አፈር ማድረቅ፣ መንፋት፣ ማቃጠል ተማርሁ።
ካርቦን እንዲህ ነው፤ ሲኖር ማን ያየዋል?
አፈሩ ይመዘናል፣ ከእሳት ይገባል፣ ደግሞ ይመዘናል፤
ያ የጎደለው፣ ጭስ ሆኖ የሄደው፣ ከሱ ነው የሚሰላው፤
ሰው ሲሞት እንደሚባለው፣ “አሁን ገና አወቅነው።”

ቆርቆሮዎቹን በተራ ከፈትሁ።
እያንዳንዱ ሆድ በካርቶን ተከፍሏል፤
ግራው ያለ እረፍት የሚታረሰው፣ ቀኙ ሣር የሚያውቀው።
ከየበኩሉ ቁንጥር ቁንጥር ለእሳት ሰጠሁ።

ግራው ጎደለ፤
መጀመሪያ ፈጥኖ፣ ኋላ ቀስ እያለ፣
በስፌቱ እንደሚያፈስ የጨው ከረጢት፣
ባዶ ሳይሆን፣ ድህነቱን ለምዶ እስኪቀመጥ ባንድ ልክ ጉድለት።
ቀኙ ግን መሰላል ነው፤
ሣር ሲለብስ ይወጣል፣ ሲታረስ ይወርዳል፤
ሲወጣ በኤሊ እግር፣ ሲወርድ በፈረስ፤
አራት ዓመት ሥር ያጠራቀመውን ማረሻ ባንድ ወቅት ሲያፈርስ።
ቢሆንም እዚያው ነው፣
እዚያው አካባቢ፤ ብዙም አልከበረ፣
ጎረቤቱ ሲመነምን እሱ ግን ነበረ።

የድርቁ ዓመት ላይ ስደርስ ግን
ግራው እምቢ አለ።
ጥቁር ነው፤ ሲያሹት እንደ ዳቦ ፍርፋሪ፣
ፀጉር የመሰለ ሥር በውስጡ የተኛ።
ከሁሉም በልጦ ተቃጠለ፤ ከግራው፣ ከቀኙ፣ ከሁሉ።
ሦስት ጊዜ ደገምሁት፤ ሦስት ጊዜ ያው ነው ቃሉ።

ለወንድሜ ለዊልማር ደወልሁ። “ያን ዓመት?” ብሎ ሳቀ።
“ማሳው ዱቄት ሆኖ በነፋስ ሲሄድ፣ አካፋውን ጥሎ፣
ከሽቦው ሥር ሲቆፍር አይቼዋለሁ፣ ተንበርክኮ፤
አያታችን አጥሩን ከተከለ ወዲህ ማረሻ ያልነካው ነው እኮ።
ምን ታደርጋለህ ብለው፣ ቀና ሳይል መለሰ፤
‘ያኛውን አፍራለሁ’ አለኝ፣ ‘ይሄ ይቀመጥ፣ ይሄ ይብሳል’፤
ይሻላል ሊል ነው መሰለኝ፤ ያን ቀን ምላሱ ይሳሳታል።”

አባቴ፣
ከሠላሳ አንድ ዓመት ባንዱ ዋሸህ።
ሠላሳው እውነትህ የት እንደ ደረስን ነገረኝ፤
ከየት እንደ ተነሣን ግን ውሸትህ ነው ያሳየኝ።
ያ ሣር የለበሰው፣ የምንኮራበት፣ ቀኙ እንኳ
ካጥሩ ሥር አልደረሰም፤ ግማሽ መንገድ ላይ ነው ለካ።

ዘንድሮ ሣሩ ሁለተኛ ዓመቱን ይዟል።
አንድ ኩባንያ ሁለቱንም ወገን ለአኩሪ አተር ሊከራይ ጠይቋል።
“ዋጋውን አይተሻል?” ይላል ዊልማር።
አይቻለሁ።

አዲስ ቆርቆሮ ገዛሁ።
ካርቶኑን ሁለት ቦታ ቆርጬ ሆዱን ለሦስት ከፈልሁ፤
ለግራው፣ ለቀኙ፣ ላጥሩ ሥር።
ምስማሩን ይዤ ክዳኑ ላይ ዓመቱን ስጭር፣
ዊልማር ካጥሩ ተደግፎ ዝም ብሎ ቆየ፣ ቆየና፤
“ላሞቹን ማን ያልባል፣” አለኝ፣ “ሁለት ዓመት ገና?”